ኳድራንትና ብራና ተሸክሞ የዞረው ሰው
(የጄምስ ብሩስ አጭር የሕይወት ታሪክ)

በዚህ ጽሑፍ ታሪኩን የማቀርብላችሁ ሰው ስሙ ለአብዛኞቻችን እንግዳ አይደለም። ጄምስ ብሩስ ሲባል የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ከስኮትላንድ ተነሥቶ ጎንደር ድረስ የመጣ ሰው እንደሆነ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ስንሰማ ኖረናል። እኔን ወደዚህ ሰው የሳበኝ ግን የዓባይ ምንጭ ብቻ አይደለም። ብሩስ የመርከበኞችን መሣሪያና አሮጌ መጻሕፍትን አብሮ ተሸክሞ የዞረ ሰው ነው። ባሕር ላይ ያሉበትን ቦታ ለማወቅ የሚያገለግለውን ዘዴ ይዞ ወደ ደጋው አገራችን ወጣ፤ ሲመለስ ደግሞ የግዕዝ ብራናዎችን ጭኖ ወረደ።

እኔ ራሴ አሮጌ መጽሐፍ የማጠራቅም ተማሪ ነኝ። ሐዋሳ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ስለሆነ እንደ ጎንደር ወይም እንደ አክሱም ጥንታዊ መጽሐፍ የሚፈለግባት ከተማ አይደለችም። ቢሆንም መንገድ ዳር ላስቲክ አንጥፈው ያገለገሉ መጻሕፍት ከሚሸጡት ልጆች ዘንድ ሽፋኑ የተገነጠለ አትላስ ወይም የድሮ የጂኦግራፊ መጽሐፍ አይጠፋም። ገዝቼ ዶርም ውስጥ አልጋዬ ሥር ስደረድራቸው ጓደኞቼ ይስቃሉ። እኔ ግን አንዱን በገለጥኩ ቁጥር ሁልጊዜ የምጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ይህ መጽሐፍ ከማን እጅ ወጣ? ስሙ የተፋቀው የመጀመሪያው ባለቤትስ ማን ነበር? የብሩስ ሕይወት ይህንን ጥያቄ በትልቁ የሚያነሣ ስለመሰለኝ ልጽፍበት ወሰንኩ። (በጽሑፉ ውስጥ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ልጅነቱና የግዕዝ ፍቅሩ

ጄምስ ብሩስ ዲሴምበር 14 ቀን 1730 በስኮትላንድ፣ ኪኔርድ በሚባለው የቤተሰቡ ርስት ተወለደ። ለንደን አቅራቢያ በሚገኘው በሃሮው ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ በኤዲንብራ ሕግ ማጥናት ጀምሮ ነበር፤ ልቡ ግን ሕግ ላይ አልነበረም። በ1754 አድሪያና አለን የምትባል የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ አገባና ወደ ወይን ንግድ ገባ። ትዳሩ ዓመት እንኳን አልሞላም። በዚያው ዓመት ሚስቱ በሳንባ ነቀርሳ ፓሪስ ላይ ሞተችበት። ከዚያ በኋላ ብሩስ ቤቱ መቀመጥ ያቃተው ሰው ሆነ ማለት ይቻላል።

በ1757 ለንግዱ ብሎ ወደ ፖርቱጋልና ስፔን ሄደ። በዚያ የዐረቦችን ታሪክና የጽሑፍ ቅርስ ሲያይ የምሥራቅ ቋንቋዎች ፍላጎት አደረበት። ዐረብኛ ማጥናት ጀመረ፤ ቀጥሎም በሂዮብ ሉዶልፍ መጻሕፍት አማካይነት ግዕዝ ላይ ደረሰ። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብዬ ስለ ሉዶልፍ ልናገር፤ ምክንያቱም በኋላ ለምናነሣው ጉዳይ መነሻ ይሆነናል።

ሉዶልፍ (1624 – 1704) የኢትዮጵያን ምድር ረግጦ የማያውቅ ጀርመናዊ ሊቅ ነው። ስለ አገራችን ያወቀውን አብዛኛውን ነገር የተማረው ከመካነ ሥላሴው ካህን ከአባ ጎርጎርዮስ ነው። አባ ጎርጎርዮስን ሮም ላይ አግኝቶ ተወዳጃቸው፣ ከዚያም ጀርመን ድረስ አስመጥቶ አብረው ሠሩ። የሉዶልፍ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661 ሲታተሙ፣ የአማርኛው ደግሞ በ1698 ሲወጣ የአባ ጎርጎርዮስ እጅ ነበረባቸው። ሉዶልፍም ይህንን አልደበቀም፤ መምህሩን በስም ጠርቶ፣ ምስላቸውንም አሳትሞ ለዓለም አሳወቀ። የሚያሳዝነው አባ ጎርጎርዮስ ሥራቸው ታትሞ አላዩም። በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ በባሕር ሲጓዙ መርከቡ ተሰብሮ ሰጥመው ሞቱ። እንግዲህ ብሩስ ከመቶ ዓመት በኋላ ግዕዝ ሊማር ሲቀመጥ፣ በሩቁ ያስተማሩት ባሕር የበላቸው እኚህ ኢትዮጵያዊ ካህን ናቸው።

ከአልጀርስ እስከ ቤንጋዚ

በ1758 የብሩስ አባት ሲሞት ርስቱን ወረሰ። በርስቱ ላይ የድንጋይ ከሰል ነበር፤ በአቅራቢያው የተቋቋመው የካሮን ብረት ፋብሪካ ደግሞ ከሰሉን ይፈልገው ስለነበር ብሩስ ገንዘብ አገኘ። ለብዙ ዓመት ሲዞር ያኖረው ይህ የከሰል ገንዘብ ነው። በ1762 በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ተሾመና በሚቀጥለው ዓመት ሥራውን ጀመረ። በዚያ ዐረብኛውን አጠነከረ፣ ጥቂት ሕክምናም ተማረ። ፍርስራሾችን የሚሥልለት ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ተወላጅ የሆነ ወጣት ጣሊያናዊ ሠዓሊም ቀጠረ። ይህን ስም ያዙልኝ።

በ1765 ቆንስልነቱን ትቶ የሰሜን አፍሪካን የሮማውያን ፍርስራሾች እየዞረ ማጥናት ጀመረ። በዚህ ጉዞ ላይ ሳለ የተሳፈረበት መርከብ ቤንጋዚ አጠገብ ተሰበረ። ብሩስ ዋኝቶ ነፍሱን አዳነ፤ ዳርቻ ሲደርስ ግን የአካባቢው ሰዎች ደብድበው ልብሱን ገፈፉት። ብዙ መሣሪያዎቹም ጠፉ። ሌላ ሰው ቢሆን ይበቃኛል ብሎ አገሩ ይገባ ነበር። እሱ ግን ወደ ክሬትና ሶርያ አልፎ ፓልሚራንና በዓልቤክን እያየ መሣሪያዎቹን እንደገና ማሰባሰብ ጀመረ። ትልቁን ኳድራንት ያገኘው ከፈረንሳይ ነው፤ የንጉሥ ሉዊ 15ኛ መንግሥት ነበር የላከለት።

ኳድራንቱ ምን ይሠራ ነበር?

ኳድራንት የሩብ ክብ ቅርጽ ያለው፣ የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ በዲግሪ የሚለካ መሣሪያ ነው። አጠቃቀሙን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ7 ዲግሪ ከ3 ደቂቃ አካባቢ ላይ ትገኛለች። ሌሊት ሐይቁ ዳር ቆማችሁ ወደ ሰሜን ብትመለከቱ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ያላት ከፍታ ወደ ሰባት ዲግሪ ብቻ ነው። ጎንደር ሆናችሁ ብታዩ አሥራ ሁለት ዲግሪ ተኩል ያህል ከፍ ትላለች። ስለዚህ የኮከቧን ወይም የቀትር ፀሐይን ከፍታ በትክክል የለካ ሰው በሰሜንና በደቡብ የት እንዳለ ያውቃል። ይሄ ላቲቲውድ ነው፤ መርከበኞችም ለዘመናት ሲጠቀሙበት ኖረዋል።

ችግሩ ሎንጊቲውድ፣ ማለትም የምሥራቅና የምዕራቡ ነው። ምድር በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ስለምትዞር አንድ ዲግሪ አራት የሰዓት ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ ሎንጊቲውድን ለማወቅ እናንተ ያላችሁበት ሰዓትና የሌላ የታወቀ ቦታ ሰዓት በአንድ ቅጽበት መታወቅ አለበት። በዚያ ዘመን ስልክ የለ፣ ሬዲዮ የለ፤ ታዲያ ምን ይደረጋል? የእንግሊዝ ፓርላማ በ1714 መፍትሔ ላመጣ ሰው እስከ 20,000 ፓውንድ ሽልማት መድቦ ነበር። ጆን ሃሪሰን የሚባለው አናጢ ባሕር ላይ የማይዛባውን ታዋቂ ሰዓቱን በ1759 ሠርቶ ጨረሰ። ኔቪል ማስኬሊን ደግሞ የጨረቃን ቦታ አስቀድሞ እያሰላ ለመርከበኞች የሚነግረውን የባሕር ዘመን አቆጣጠር መጽሐፍ ከ1767 ዓመት ጀምሮ ማሳተም ያዘ። ሦስተኛው ዘዴ የጁፒተር ጨረቃዎች በጥላ ሲሸፈኑ ማየት ነው። ይህ በሚንቀጠቀጥ መርከብ ላይ አይሠራም፤ ጸንቶ በቆመ መሬት ላይ ግን ይሠራል። ብሩስ በደጋው የተጠቀመው በዋናነት ይህንን ነው።

የባሕር መጻሕፍት ለምን ይሰበሰቡ እንደነበርም የሚገባን ከዚህ ተነሥተን ነው። በዚያ ዘመን አሮጌ የባሕር መንገድ መጽሐፍ ጌጥ አልነበረም፤ የት ቦታ አለት እንዳለ፣ የት ወደብ ውኃ እንደሚገኝ የሚናገር የነፍስ ማዳኛ ነበር። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አስተዳዳሪ የነበረው ሳሙኤል ፒፕስ የባሕር ኃይልን ታሪክ እጽፋለሁ ብሎ የመርከብና የባሕር ጉዞ መጻሕፍትን ሲለቅም ኖሮ በ1703 ሲሞት 3,000 ጥራዝ ትቶ አልፏል። አንድም እንዳይጨመር፣ አንድም እንዳይቀነስ ተናዞ ስለነበር መጻሕፍቱ እስከ ዛሬ በካምብሪጅ ሞድሊን ኮሌጅ እንዳሉ ናቸው።

ስለ ቀይ ባሕርም ቢሆን የቆየ ጽሑፍ ነበር። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስሙ ያልታወቀ ነጋዴ በግሪክኛ የጻፈው የቀይ ባሕር መምሪያ አዱሊስን ያነሣል። በ1541 ደግሞ ፖርቱጋላዊው ዡዋው ደ ካስትሮ ምጽዋን ጨምሮ የባሕሩን ዳርቻ እየለካ መዝግቧል፤ ይህ የክሪስቶፎ ዳ ጋማ ጦር ወደ አገራችን የገባበት ዓመት ነው። ብሩስ የገባው እንግዲህ ሰዎች ለብዙ ዘመን እየጻፉ ወደኖሩበት ባሕር ነው።

በቀይ ባሕር ላይ

ብሩስ በ1768 ግብፅ ደርሶ ዓባይን ሽቅብ እስከ አስዋን ተጓዘ። ላይኛው ግብፅ ሳለ በፓፒረስ ላይ የተጻፈ ጥንታዊ የቅብጥ መጽሐፍ ገዛ፤ ይህ መጽሐፍ ዛሬ በምሁራን ዘንድ የሚታወቀው በራሱ በብሩስ ስም ነው። ከዚያ በረሃውን አቋርጦ ቁሴይር ወደብ ወረደና በ1769 በቀይ ባሕር ላይ ተሳፈረ። ጀልባዋ ሳንቃዎቿ በሚስማር ያልተመቱ፣ በገመድ የተሰፉ ነበረች። በየደረሰበት ኳድራንቱን እያወጣ የወደቦቹንና የደሴቶቹን ላቲቲውድ ለካ። ጂዳ ላይ ከሕንድ የመጡ የእንግሊዝ መርከብ አዛዦችን አግኝቶ የድጋፍ ደብዳቤ አጻፈ። በመጨረሻም ዳህላክን አይቶ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1769 ምጽዋ ገባ።

ከምጽዋ ወደ ደጋው የሚያወጣው የታራንታ ተራራ ዳገት ነው። ተሸካሚዎቹ በኳድራንቱ ክብደት ተማርረው ሲያስቀምጡት ብሩስና ያሲን የሚባል የጉዞ ጓደኛው ራሳቸው ተሸክመው እንዳወጡት ጽፏል። እኔ ይህን ሳነብ የሰውየው ጠባይ ወለል ብሎ ታየኝ። ግትር ነው፣ ኩራተኛ ነው፤ ግን ለመለኪያው ሲል ትከሻውን የሚያቆስል ሰው ነው።

ጎንደር

በአድዋና በአክሱም አልፎ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1770 ጎንደር ሲደርስ አገሪቱ በጭንቅ ላይ ነበረች። ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን ካስገደሉ ገና ዓመት አልሞላም፤ ብዙዎች ዘመነ መሳፍንትን የሚቆጥሩት ከዚያ ጀምሮ ነው። በዙፋኑ ላይ ልጅ እግሩ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊ ተቀምጠዋል፤ ሥልጣኑ በራስ ሚካኤል እጅ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ደግሞ ቁስቋም በሚገኘው ግቢያቸው ናቸው። ብሩስ እንደደረሰ በቁስቋም የእቴጌይቱ የልጅ ልጆች ፈንጣጣ ይዟቸው አገኘ። የተዘጋውን ክፍል አስከፍቶ፣ አየር አስገብቶ፣ አቅሙ በፈቀደ አስታመማቸው። በዚህም የራስ ሚካኤልን ሚስት የወይዘሮ አስቴርን ወዳጅነት አተረፈ። ጎንደሮች ያጉቤ ይሉት ነበር። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከዘጠና በላይ፣ ፈረስ ግልቢያውና ተኩሱ የሚደነቅ ስለነበር በቤተ መንግሥቱ ተወደደ፤ ባለሟልነትና የራስ ፊል ግዛት ሹመትም ተሰጠው።

በመጨረሻም የዳሞቱ ገዥ ፋሲል ፈቅዶለት ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ግሽ ዓባይ ደረሰ። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 27 ቀን 1763 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የምንጩ ጠባቂ ክፍለ ዓባይ የሚባሉ ሽማግሌ ተቀብለው አስተናገዱት። ብሩስ በደስታ ለንጉሡ ለጆርጅ 3ኛ ጤና ጽዋ ካነሣ በኋላ ወዲያው ከባድ ኀዘን እንደወደቀበት ጽፏል። ለነገሩ እዚያ የደረሰ የመጀመሪያው አውሮፓዊ አልነበረም። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው ኢየሱሳዊ ካህን በ1618 አይቶት ነበር። ብሩስ ግን የፓኤዝን ምስክርነት ሐሰት ነው ብሎ ለመጣል ብዙ ገጽ አጠፋ። ለአገሬው ሰው ይሄ ሁሉ ክርክር የሚያስቅ ነው፤ ክፍለ ዓባይና አባቶቻቸው ምንጩን ሲጠብቁ የኖሩት ማንም መጥቶ ሳያገኘው ነው።

ልኬቱስ? ብሩስ ለግሽ የሰጠው ላቲቲውድ 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ከ25 ሴኮንድ ነው። ዛሬ በሳተላይት ከሚገኘው ጋር ሲነጻጸር ስሕተቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ሎንጊቲውዱን ግን 36 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ ስላለ ወደ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተንሸራቷል። ይህ በሰዓት ሲመነዘር የአንድ ደቂቃ ስሕተት ነው! የጁፒተርን ጨረቃዎች እያየ በዚያ ተራራ ላይ አንድ ደቂቃ ብቻ መሳሳት ቀላል ነገር አይደለም።

ባሉጋኒ የት ሄደ?

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ስም እንመለስ። ሉዊጂ ባሉጋኒ ከአልጀርስ ጀምሮ ከብሩስ ያልተለየ፣ ሥዕሉን የሚሥል፣ የአየር ጠባይ የሚመዘግብ ሠራተኛ ነበር። ግሽ ዓባይ ላይም አብሮት ነበረ፤ በራሱ እጅ የጻፈው የጉዞ ማስታወሻ ይህን ያረጋግጣል። በ1771 በተቅማጥ በሽታ ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ መጽሐፉን ሲጽፍ ግን ባሉጋኒን ከምንጩ ጉዞ በፊት እንደሞተ አድርጎ አቀረበው፤ ከሥዕሎቹም ብዙዎቹን የራሱ አስመሰላቸው። ዛሬ ሥዕሎቹ አሜሪካ በየል ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ፤ የማን እጅ እንደሆነም ታውቋል።

አንድ ተጨማሪ ምሳሌ ልስጥ። ብሩስ ራሱ በተቅማጥ ሲታመም የዳነው በአገሬው መድኃኒት በዋጊኖስ ነው። የተክሉን ዘር ይዞ ሄደ፤ በሳይንስ ዓለም ተክሉ በብሩስ ስም ተጠራ። መድኃኒቱን ያሳየው ሰው ግን ስሙ የለም። ሉዶልፍ ስለ አባ ጎርጎርዮስ ያደረገውንና ብሩስ ስለ ባሉጋኒ ያደረገውን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ልዩነቱ የዕውቀት ሳይሆን የልብ ሆኖ ይታየኛል።

መጻሕፍቱና በረሃው

ብሩስ ጎንደር በቆየበት ጊዜ መጻሕፍትን ይገዛ ነበር፣ በጸሐፊዎችም ያስገለብጥ ነበር፤ ስጦታም ይቀበል ነበር። ክብረ ነገሥትን ከራስ ሚካኤል እንዳገኘ ይነገራል። የነገሥታቱን ዜና መዋዕል ሰበሰበ። ከሁሉ የላቀው ግን መጽሐፈ ሄኖክ ነው፤ ሦስት ቅጂ ይዞ ሄደ። አውሮፓውያን ይህን መጽሐፍ ከጥቂት የግሪክኛ ቅንጣቢ በቀር ጠፍቷል ብለው ተስፋ ቆርጠው ነበር። በእኛ ዘንድ ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ ተቆጥሮ ሲነበብ፣ ሲገለበጥ ኖሯል። የሚገርመው ደግሞ ከሄኖክ ክፍሎች አንዱ ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጨረቃና ስለ ከዋክብት አካሄድ የሚናገር መሆኑ ነው። ኮከብ ሲለካ የኖረ ሰው የኮከብ መጽሐፍ ይዞ ተመለሰ።

በሜይ 1771 በሰርባኩሳ ጦርነት ላይ ተገኝቶ የሰው ደም ሲፈስ አየ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጎንደርን ተሰናብቶ በሰናር በኩል ወደ ግብፅ አቀና። የኑቢያ በረሃ ግን ሊበላው ደረሰ። በኖቬምበር 1772 ግመሎቹ አለቁ። ኳድራንቱን፣ ማስታወሻውን፣ ለዓመታት የሰበሰበውን ሁሉ አሸዋ ላይ ጥሎ፣ እግሩ ቆስሎ አስዋን ደረሰ። ከዚያ ምን አደረገ? ጥቂት እንዳረፈ ግመል ተከራይቶ ተመልሶ ሄደ፤ ዕቃውንም ሳይነካ አገኘው። በዚያ አሸዋ ላይ ዕቃው ተረስቶ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ስለ ጎንደር ብዙ የምናውቀው ነገር አብሮ ይቀበር ነበር። ካይሮ ሲደርስ በ1773 ከገዢው ከመሐመድ ቤይ አቡ ዳሃብ የእንግሊዝ ነጋዴ መርከቦች እስከ ስዊዝ እንዲመጡ የሚፈቅድ ደብዳቤ አወጣ። ይህ ለባሕር ንግድ ያደረገው ትልቁ አስተዋጽዖ ነው።

አገሩ ሲገባ

ፓሪስ ላይ በክብር ተቀበሉት። ከሄኖክ ቅጂዎች አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ሰጠ። ለንደን በ1774 ሲገባ ግን ያልጠበቀው ነገር ገጠመው፤ ሐሰተኛ ተባለ። በተለይ በአበሻ አገር ሰዎች ጥሬ ሥጋ ይበላሉ ማለቱ መሳቂያ አደረገው። ሐዋሳ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ሥጋ ቤት ደጃፍ ተሰልፎ ቁርጥ የሚጠብቅ ሰው ይህን ቢሰማ ማን ላይ እንደሚስቅ እናንተው ገምቱ! ሳሙኤል ጆንሰን የሚባለው ታላቅ ደራሲ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈው በ1735 የሎቦን መጽሐፍ ተርጉሞ፣ በ1759ም ራሴላስን ደርሶ ነው፤ አገሪቱን ግን አላያትም። ከብሩስ ጋር በ1775 ተገናኝተው አልተማመኑም።

ብሩስ ተቀየመና ወደ ኪኔርድ ገባ። በ1776 ሜሪ ዳንዳስን አገባ፤ እሷም በ1785 ሞተች። በ1790 ስለ ዓባይ ምንጭ ፍለጋው የጻፈውን መጽሐፍ በአምስት ትላልቅ ጥራዞች አሳተመ። መጽሐፉ ቢሸጥም ፌዙ አልቆመም። ኤፕሪል 27 ቀን 1794 አንዲት እንግዳ ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። ከመርከብ መሰበር፣ ከጦርነትና ከበረሃ የተረፈ ሰው ደረጃ ገደለው።

የሚገርመኝ ነገር ይህ ነው። ሰዎች የብሩስን እውነት ሐሰት አሉ፤ ሐሰቱን ደግሞ ለረጅም ጊዜ ልብ ያለው አልነበረም። ስለ ጥሬ ሥጋው፣ ስለ ግብሩ፣ ስለ ጦርነቱ የተናገረው በአብዛኛው እውነት ሆኖ ተገኘ። ስለ ባሉጋኒና ስለ ፓኤዝ የተናገረው ነው ያልቆመለት። ከሱ በኋላ የመጣው ሄንሪ ሶልትም ብዙ ቦታ ላይ ተችቶታል፤ ቢሆንም የመጽሐፉን ጥቅም የሚክድ የለም።

መጻሕፍቱ የት ደረሱ?

ብሩስ ከሦስቱ የሄኖክ ቅጂዎች ሁለተኛውን ለኦክስፎርድ ሰጥቶ ሦስተኛውን ለራሱ አስቀርቶ ነበር። ወራሾቹ የቀሩትን ብራናዎች ሸጡና በ1843 የኦክስፎርዱ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ገዛቸው። ሪቻርድ ሎረንስ መጽሐፈ ሄኖክን በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመ። ዲልማን የሚባለው ጀርመናዊ በ1848 የቦድሊያንን የግዕዝ መጻሕፍት ዝርዝር፣ በ1851 ደግሞ የሄኖክን ግዕዝ አሳተመ። ከሁሉም እኔን የሚነካኝ የአሌክሳንደር መሬይ ታሪክ ነው። መሬይ የስኮትላንድ እረኛ ልጅ ነበር፤ የብሩስን መጽሐፍ ሁለተኛ እትም በ1805 ሲያዘጋጅ በብሩስ ብራናዎች ግዕዝና አማርኛ ተማረ። በ1811 የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ለእንግሊዝ ንጉሥ የላኩት ደብዳቤ ሊነበብ ሲፈለግ የተረጎመው እሱ ነው። ብራናው ሩቅ አገር ሄዶም አንባቢ ካገኘ እንደገና ይናገራል ማለት ነው።

የብሩስን መጻሕፍት በ1868 ከመቅደላ ከተዘረፉት ጋር አንድ ላይ የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ። እኔ በበኩሌ ልዩነቱን ማየት ያስፈልጋል እላለሁ። ብሩስ ገዛ፣ አስገለበጠ፣ ተሰጠው። የመቅደላዎቹ ግን በዐፄ ቴዎድሮስ ሬሳ አጠገብ የተዘረፉ ናቸው፤ ወደ 350 የሚጠጉት ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ክብረ ነገሥት ዐፄ ዮሐንስ ጠይቀው በ1872 ተመልሷል። ስለዚህ ማስመለስ አይቻልም የሚል ካለ ታሪክ ይሟገተዋል። ስጦታና ዝርፊያን ካልለየን ደግሞ ጥያቄያችን ራሱ ይዳከማል።

ታዲያ ከእኛ ምን ይጠበቃል?

የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይባላል። ግዕዙ የእኛ ሆኖ ስለ ሄኖክ ለማንበብ የሎረንስን እንግሊዝኛ የምንፈልግ ተማሪዎች ጥቂት አይደለንም። በቅድሚያ ማድረግ የምንችለው ግዕዝ መማር ነው፤ መሬይ መምህር ሳይኖረው ከተማረው እኛ መምህሩ በየደብሩ ቁጭ ብሎ ምን ያግደናል? የባሕሩ ዕውቀትም ቢሆን እንደዚሁ ነው። አገራችን ከ1993 ጀምሮ ወደብ ባይኖራትም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የባሕር አካዳሚ፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣባት ከተማ፣ ወጣቶች ለዓለም አቀፍ መርከቦች ሙያ ይሠለጥናሉ። ያ ብሩስ ተሸክሞት የወጣው ዕውቀት በመጨረሻ እኛም ጋ ተማሪ አግኝቷል።

ሁለተኛው ትንሽ ነገር ነው፤ ግን ዛሬውኑ ይጀመራል። አሮጌ መጽሐፍ፣ የአባት ደብዳቤ፣ የቆየ ፎቶ እጃችሁ ሲገባ ከማን እንዳገኛችሁት፣ መቼና የት እንደሆነ በእርሳስ ጻፉበት። የጸሐፊው ስም መጨረሻ ገጽ ላይ ካለ ገልብጡት። ብሩስ ኮከብን እስከ ሴኮንድ ለክቶ የአንድ ጓደኛውን ድርሻ በሐቅ አልመዘገበም። እኔ አልጋዬ ሥር ባሉት መጻሕፍት ላይ የገዛኋቸውን ልጆች ስም መጻፍ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆኖኛል፤ ለዚህ ኳድራንት አያስፈልግም።